ፍራሽ ሰፊዋ የክሌሊያ እህት

በተራራዋ መንደር በሮካፍሬዳ ኦርሶላን ተቀምጣ ያያት ሰው ጥቂት ነው። ሥራዋ ፍራሽ መስፋት ነው። በረዶው ቀልጦ ፀሐይዋ መሞቅ ስትጀምር ከቤት ቤት እየዞረች የሰዉን የሱፍ ፍራሽ ትተረትራለች፤ ተጠቅጥቆ የደደረውን ሱፍ አውጥታ ታጥባለች፣ ታሰጣለች፣ በምስማር ማበጠሪያ ታባዝታለች፤ ከዚያ መልሳ ሞልታ ዳር ዳሩን በሲባጎ ትሰፋለች። ይህን ሥራ ሌላው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነው የሚሠራው። እሷ ግን ቆማ ነው። ምሳዋም ቢሆን በቁሟ ነው፤ ዳቦና ቃሪያዋን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ሱፍ ስታገላብጥ ያገኟታል። «ኦርሶላ፣ አረፍ በይ እንጂ» ሲሏት፣ «መቃብር ውስጥ እንደ ልቤ እጋደማለሁ» ትላለች።

መንደሩ የሚያውቃት ግን በፍራሽ ሰፊነቷ ብቻ አይደለም። የክሌሊያ እህት ናት። ክሌሊያ ጦርነቱ ሊነሳ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በዘጠኝ ዓመቷ፣ የእግር አጥንት ሕመም ሰባት ወር አሠቃይቶ የገደላት ልጅ ናት። የመጀመሪያ ቁርባኗን በተቀበለችበት ነጭ ቀሚስ የተነሳችው ፎቶ በትንሽ ካርድ ታትሞ በየቤቱ ራስጌ ተሰክቷል። ከፎቶው ሥር የመጨረሻ ቃሏ ተጽፏል፦ «ጌታ ሆይ፣ ሥቃዬን ሁሉ ለኃጢአተኞች ሰጥቻለሁ።» ምጥ የጠናባት ሴት፣ ፈተና የፈራ ተማሪ፣ ልጇ ለሥራ ውጭ አገር የሄደባት እናት፣ ሁሉም መቃብሯ ላይ ሻማ ያበራል። ከሩቅ ከተማ በአውቶቡስ የሚመጡም አሉ።

ኦርሶላ ክሌሊያን በአራት ዓመት ትበልጣታለች። አላገባችም። አንድ ጊዜ ከታችኛው መንደር የመጣ ግንበኛ በሰው አስጠይቋት ነበር፤ እናቱ ግን «የቅድስት እህት አግብተህ፣ ሾርባው ሲቀጥንብህ በምን አፍህ ትቆጣታለህ?» አለችውና ቀረ። ወንድሟ አግብቶ ከወጣ ወዲህ ከእናቷ ከዶሚቲላ ጋር፣ ክሌሊያ በሞተችበት ቤት፣ ሁለቱ ብቻ ይኖራሉ።

ክሌሊያ በሞተች በሠላሳ አንደኛው ዓመት፣ በመጋቢት ወር፣ የደብሩ ቄስ አባ ኤቫሪስቶ ዳገቱን እያለከለኩ ወጥተው መጡ። ኦርሶላ በፋርማሲስቱ ግቢ ሱፍ አስጥታ ነበር።

«ደስ ይበልሽ ልጄ» አሏት ትንፋሻቸው ሳይመለስ። «ክሌሊያ ቅድስት ተብላ እንድትታወጅ ጉዳይዋ ይመርመር ብለው ጳጳሱ ፈቅደዋል። በግንቦት መርማሪው ሸንጎ እዚሁ ይመጣል። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ያ ተከራካሪ የሚሉት ቄስም። ክሌሊያን በሕይወቷ ያወቀ ሁሉ ወንጌል ላይ እጁን ጭኖ ይመሰክራል። መጀመሪያ እናትሽና አንቺ ናችሁ።»

«ተከራካሪው ምንድን ነው ሥራው?»

«እንከን መፈለግ ነው። ልጅቷን ከቅድስና የሚያወርድ ነገር ካለ ቆፍሮ ያወጣል። አንቺ ምን ቸገረሽ? የምታውቂውን ትናገሪያለሽ።»

«የማውቀውን» አለች ኦርሶላ።

«አዎ። ሰባቱን ወር ከራስጌዋ ያልተለየሽ አንቺ ነሽ። እኔማ በሳምንት አንዴ ቁርባን ይዤ ብቅ ነበር የምለው።»

አባ ኤቫሪስቶ ደስ ብሏቸው ወረዱ። ኦርሶላ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንድ ቦታ መርጋት አቃታት። በሥራ ዘመኗ ሠርታ የማታውቀውን ስህተት ሠራች፤ ረጅሙን መርፌ ፍራሹ ውስጥ ረስታ ሰፋችበት። የፋርማሲስቱ ሚስት ጎኗን ይዛ ስትጮህ ነው የታወቀው። ፍራሹን እንደገና ተርትራ፣ መርፌውን ፈልጋ፣ እንደገና ሰፋችው። አንዱን ቤት ሳትጨርስ ሌላው ቤት ሄዳ ትጀምራለች፤ ከዚያ መቀሷን ረስታ ትመለሳለች። ውሃ ልትቀዳ ወርዳ እንስራውን ባዶውን ይዛ ትመጣለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። የኦርሶላ ሆድ የያዘውን ያውቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆች ሳሉ እናታቸው ዶሚቲላ አንድ የተበጣጠሰ መጽሐፍ ነበራት፤ የሕፃናት ቅዱሳን ገድል ነው። ከምድጃው አጠገብ ሆና ታነብላቸዋለች። ለጣዖት አልሰግድም ብላ በሰይፍ የተቀላችውን አግኔስን፣ ቁርባኑን በደረቱ ሸሽጎ በድንጋይ የተወገረውን ታርሲሲዮን፣ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር የሞተውን የሦስት ዓመቱን ቂርቆስ። ልጆቹ ደግሞ በማግስቱ ደጅ ወጥተው ይጫወቱታል። ክሌሊያ ምንጊዜም አግኔስ ናት። ኦርሶላ ትልቅ ስለሆነች ምንጊዜም ገዳይ ናት። መጽሐፉ ውስጥ አግኔስ ታቅፋት የምትታየው በግ ደግሞ የጎረቤት ግልገል ናት። አንድ ቀን ክሌሊያ መሞት ሰለቻትና «ዛሬ አግኔስ ታሸንፋለች» ብላ ዱላ አንስታ እህቷን ጀርባዋን አገኘቻት። ሰንበሩ ሳምንት ቆየ።

ከዚያ የክሌሊያ ጉልበት አበጠ። ሐኪሙ መጥቶ አየና እናትየውን ወደ ውጭ ጠርቶ ነገራት። በሁለተኛው ወር አባ ኤቫሪስቶ፣ ያኔ ገና ወጣት ቄስ ናቸው፣ ቁርባን ይዘው መጥተው «በጣም ያምሻል?» ቢሏት፣ ክሌሊያ ከመጽሐፉ የሰማችውን «ለኃጢአተኞች እሰጠዋለሁ» አለች። ቄሱ እንባቸው መጣ። እሑድ ስብከታቸው ላይ ተናገሩት። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ከሰው ነፃ ሆኖ አያውቅም። ጎረቤቱ፣ ጎረቤቱ የነገረው ሁሉ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ከአልጋው ግርጌ እየቆመ «እስቲ ምን ትላለች» ብሎ ይጠብቃል። ልጅቷም ትላለች። ፈገግም ትላለች።

በስድስተኛው ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። እናትየው ልብስ ልታጥብ ወደ ምንጩ ወርዳለች። ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ እህትማማቾች ብቻ ነበሩ።

«ዛሬ የሚመጣ ሰው አለ?» አለች ክሌሊያ።

«በዚህ ዝናብ ማን ይመጣል?»

«በሩን ግጥም አድርጊው።» ኦርሶላ ዘጋችው። «እንግዲያው ስሚኝ። ለማንም አልሰጥም።»

«ምኑን?»

«ሕመሙን ነዋ። ለኃጢአተኛ እኔ ምን አገባኝ? እስቲ አንድ ኃጢአተኛ መጥቶ አመሰግናለሁ ብሎኛል?»

«ክሌሊያ፣ ኢየሱስ እኮ…»

«ኢየሱስ የተሰቀለው ሦስት ሰዓት ነው። እኔ ስድስት ወር ሆነኝ። ይምጣና እንቀያየር።»

ይህን ብላ የሕፃናት ቅዱሳኑን መጽሐፍ ከትራሷ ሥር አወጣችና አልጋው አጠገብ ወዳለው የሽንት ፖፖ ወረወረችው። አልሳተችም። ከዚያ ትራሱን ነክሳ፣ ድምፅዋን አፍና፣ ኦርሶላ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከማንም ሰው አይታው የማታውቀውን ልቅሶ አለቀሰች። ሲወጣላት ፊቷን ጠራረገችና እህቷን ተመለከተቻት።

«ለእማዬ እንዳትነግሪ። ለማንም።»

«አልነግርም።»

«ማዪ። ክሌሊያ ትሙት በይ።»

«እንደሱ አልልም።»

«በይ። ካላልሽ ትናገሪያለሽ ማለት ነው።»

ኦርሶላ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። «ክሌሊያ ትሙት» አለች። መጽሐፉን ከፖፖው አውጥታ አጥባ ምድጃው አጠገብ አደረቀችው። በሦስተኛው ሳምንት ክሌሊያ ሞተች።

በሞተችበት ማለዳ ቤቱ ሙሉ ነበር። አባ ኤቫሪስቶ ቅብዓ ቅዱሱን ይዘው፣ ሦስት ጎረቤት ሴቶች ተንበርክከው፣ እናትየው ከራስጌ። ኦርሶላ ሁለት ቀን ዓይኗን ስላልከደነች አልጋው ጠርዝ ላይ ዘፍ አለች። ክሌሊያ ዓይኗን ገለጠችና «ኦርሶላ፣ እግሬ ላይ ተቀመጥሽ» አለቻት። ኦርሶላ ተስፈንጥራ ተነሳች። ከዚያ እናትየው ወደ ልጅቷ ጆሮ ጎንበስ አለች፤ ጥቂት ቆይቶ ትንፋሿ ቆመ። ካርዱ ላይ የታተመውን የመጨረሻ ቃል ኦርሶላ የሰማችው በቀብሩ ቀን፣ ከመቅደሱ በር፣ ከቄሱ አፍ ነው።

ያን ሁሉ ዓመት ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው ኖረች። ማን ጠይቋት ያውቃል? አሁን ግን ሊጠይቋት ነው፤ ያውም በወንጌል። ብትናገር ለሟች የማለችውን ታፈርሳለች። ዝም ብትል በእግዚአብሔር ፊት ልትዋሽ ነው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ እንደሚባለው፣ ቃል ማፍረስ ለእሷ ቀላል ነገር አልነበረም። ደግሞ ከሁለቱም የባሰ፣ ለማንም ያልተናገረችው አንድ ፍርሃት ነበራት። ክሌሊያ ትሙት ብላ ምላ፣ ክሌሊያ ሞታለች።

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ የወንድሟ ሚስት ናታሊና በሱቋ ደጃፍ ስታልፍ ጠራቻት። ናታሊና ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት የክሌሊያን ካርድ፣ መቁጠሪያና ሻማ ትሸጣለች።

«አንቺ፣ ምን ሆነሻል? ሰሞኑን እንደ ታሰረ ፍየል ትዞሪያለሽ።»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ለሌላው ንገሪ። ስሚ፣ ሸንጎው ፊት ስትቀርቢ ብዙ አታውሪ። ልጅ ነበረች፣ ታመመች፣ ጸለየች፣ ሞተች። አራቱን ካልሽ ይበቃል።»

«ሌላ ቢጠይቁኝስ?»

«አላስታውስም ትያለሻ። ሠላሳ አንድ ዓመት ነው፤ ማን ይፈርድብሻል? እኔ ላይኛውን ፎቅ ለእንግዳ ብዬ አሠርቼ አምስት አልጋ አስገብቻለሁ። ፍራሹን የሰፋሽው ራስሽ ነሽ። በባዶ አልጋ እንዳታስቀሪኝ።»

«በአንቺ አልጋ እኔ ምን አገባኝ?»

«ይኸውልሽ» አለች ናታሊና ወደ አንዲት ደንበኛ ዞር ብላ፣ «ቅድስናው ሁሉ ለታናሿ ደርሶ ለዚህች ምላሱ ብቻ ተረፈ።»

በማግስቱ ኦርሶላ ሥራዋን ጥላ በእግሯ ወጣች። ሦስት ሰዓት ተጉዛ ማንም የማያውቃት የመነኮሳት ገዳም ደረሰችና ኑዛዜ ገባች። ከኑዛዜው መስኮት ወንፊት ወዲያ የተቀመጡት ሽማግሌ መነኩሴ ጆሯቸው ከበድ ያለ ነበር።

«ለሞተ ሰው የማልኩት መሐላ ያስረኛል አባቴ?»

«ለማን ነው የማልሽው?»

«ለዘጠኝ ዓመት ልጅ።»

«ልጅቷ ምን ፈርታ ነው ያስማለችሽ?»

ኦርሶላ ይህን ጥያቄ ራሷን ጠይቃው አታውቅም። «እናቷ እንዳታዝን ይመስለኛል።»

«እናቷ በሕይወት አለች?»

«አለች።»

«ታዲያ ወደ እሷ መሄድ ሲገባሽ እኔ ዘንድ ምን አመጣሽ?» አሉና መስኮቱን ዘጉት። ንስሐ እንኳ አልሰጧትም።

ወደ እናቷ መሄድ ግን እንደ ሦስት ሰዓቱ መንገድ ቀላል አልሆነም። ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ ወሬውን ወደ ዶሮዎቹ፣ ወደ ጣሪያው፣ ወደ ሽምብራው ዋጋ አዞረችው። በመጨረሻ ሸንጎው ሊቀመጥ አንድ ቀን ቀረው። ረፋድ ላይ ዶሚቲላ መስኮቱ አጠገብ ሆና ባቄላ ትፈለፍላለች። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ጣቷ ግን አልደከመም። ኦርሶላ ከበሩ እስከ ምድጃው፣ ከምድጃው እስከ በሩ ትመላለሳለች።

«ወለሉን ልትጨርሺው ነው» አለች ዶሚቲላ።

«እማዬ፣ ነገ ስለ መጨረሻ ቃሏ ይጠይቁኛል።»

«ይጠይቁሽ።»

«እኔ አልሰማሁትም።»

ዶሚቲላ መፈልፈሏን ቀጠለች። ባቄላው ሳህኑ ውስጥ ኳ ኳ ይላል።

«ሌላም አለ። አንድ ቀን ዝናብ ነበር። አንቺ ልብስ ልታጥቢ ሄደሽ…»

«መጽሐፉን ፖፖ ውስጥ የጣለችው ቀን?» አለች ዶሚቲላ ቀና ሳትል።

ኦርሶላ መሐል ቤት ላይ ቀጥ አለች።

«ዝናቡ ሲበረታብኝ ተመልሼ ነበር» አለች እናትየው። «በሩ ላይ ደረስኩ። የታጠበውን ልብስ እንደ ተሸከምኩ ልገፋው ስል ‹ይምጣና እንቀያየር› ስትል ሰማኋት። የልብሱ ውሃ ባንገቴ እየወረደ እዚያው ቆምኩ። ለቅሶዋ እስኪያልቅ ድረስ ቆምኩ።»

«ለምን አልገባሽም?»

«ብገባ ዝም ትል ነበራ። እኔን ስታይ ትስቅ ነበር። ለኔ ስትል ደግ ትሆን ነበር። የምታለቅሰው አንቺ ዘንድ ብቻ ነው። ያንን ልቀማት? እንዴት አድርጌ ልግባ?»

«የመጨረሻው ቃልስ?»

ዶሚቲላ የያዘችውን ቅርፊት አስቀመጠች። «እሱ የኔ ነው። ተከትላ እንድትል በጆሮዋ አልኩላት። ከንፈሯ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ምናልባት ትንፋሿ ነው። ከዚያ አባ ኤቫሪስቶ ‹ምን አለች?› አሉኝ። ምን ልበላቸው? ‹እግሬ ላይ ተቀመጥሽ› ነው ያለችው ልበል? ሰባት ወር ሙሉ ያ ሁሉ ሥቃይ ለከንቱ ነበር ልበል? አፌ አልታዘዝ አለኝ። ያኛው ቃል ወጣ። አንዴ ከወጣ ማን ይመልሰዋል? ሳምንቱን ታተመ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት፣ እማዬ» አለች ኦርሶላ። «ሠላሳ አንድ ዓመት እዚሁ ቤት፣ አንድ ገበታ ላይ። አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። የገደልኳት እኔ እየመሰለኝ…»

«አንቺ? በምን ገደልሻት?»

«አስምላኝ ነበር። ‹ክሌሊያ ትሙት በይ› አለችኝ፣ አልኩ።»

አሮጊቷ ይህንን አልሰማችም ነበር። የባቄላውን ሳህን ከጭኗ አውርዳ መሬት አኖረችው።

«ለማን ተናገርሽ?» አለች።

«ለማንም።»

«አንድ ቃል እንኳ?»

«አንድም ቃል አልወጣኝም።»

«ታዲያ መሐላሽን ጠብቀሻል። ጠብቀሽም ሞተች። መሐላው ቢሆን የሚገድላት፣ ስታፈርሺው ነበር። ልጄን የገደላት አጥንቷ ነው። ይህን ለማወቅ ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጀብሽ? ያልተማርሽ።»

ኦርሶላን እንደ መሳቅ፣ እንደ መታመም አደረጋትና በሩን ከፍታ ወጣች። እስከ ምንጩ ወረደች፣ ከምንጩ እስከ መቃብር ወጣች፣ በፍየሎቹ መንገድ ዞራ ተመለሰች። ተናዳለች። በማን እንደ ተናደደች ግን አታውቅም። በእናቷ ስትል ውሃ የወረደበት አንገቷ ይታያታል፤ በክሌሊያ ስትል ትራሱ ይታያታል። ከቀትር በኋላ ቤት ስትደርስ ዶሚቲላ የእሑድ ጥቁር ሻሿን አውጥታ መስኮቱ ላይ አናፍሳዋለች።

«ነገ እኔ ቀድሜ ልግባ» አለች።

ሸንጎው የተቀመጠው ከመቅደሱ ጎን ባለችው ዕቃ ቤት ነው። ዶሚቲላ ገብታ ሁለት ሰዓት ቆየች። ስትወጣ «ውሃ ስጡኝ» ከማለት በቀር ምንም አላለችም። ቀጥሎ ኦርሶላ ተጠራች። ወንጌሉ ላይ እጇን ጫነች፤ እዚያ የተባለውን ውጭ እንዳታወራ ማለች። ተከራካሪው አባ ሲልቬሪዮ ይባላሉ፤ ጉንፋን የያዛቸው፣ መነጽራቸው የሚንሸራተት ቀጭን ሰው ናቸው። ኦርሶላ ፈርታ የጠበቀችው ሌላ ዓይነት ሰው ነበር።

«ተቀመጪ እህቴ።»

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«እንደ ፈቀድሽ። ክሌሊያ ዋሽታ ታውቃለች?»

«አዎ።»

የጸሐፊው ብዕር ለአፍታ ቆመ። «መቼ?» አሉ አባ ሲልቬሪዮ።

«ትምህርት ቤት አንዲት የድሃ ልጅ ፈርታ ክፍል ውስጥ ሽንት አመለጣት። መምህሩ አለንጋ ይወድ ነበር። ሳያይ ክሌሊያ የአበባውን ውሃ እላዩ ላይ ደፋችና ‹እኔ ነኝ የደፋሁት› አለች። አሥር ተገረፈች።»

«ይህንን ውሸት ትዪዋለሽ?»

«እውነት አይደለማ አባቴ። ደግሞ ግልፍተኛ ነበረች። እኔን በዱላ ደብድባኛለች። የሰው በለስም ትሰርቃለች።»

ከዚያ የዝናቡን ቀን ነገረቻቸው። ቃል በቃል ነገረቻቸው። ‹ይምጣና እንቀያየር› የሚለው ላይ ስትደርስ ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ ዳኛውን አየ፤ ዳኛው አባ ሲልቬሪዮን አዩ።

«ይጻፍ» አሉ አባ ሲልቬሪዮ። አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ከዚያ ቀን በኋላ ጸልያ ታውቃለች?»

«ታውቃለች። አንድ ቀን ሰው ሳይኖር ‹ዛሬ ለአንድ ኃጢአተኛ የሚሆን አለኝ፤ ለሁለት ግን አይበቃም› አለችኝ።»

«እየቀለደች?»

«የምሯን ነበር። እንደ ዳቦ ቆጥራ ነው ያለችው። በሌላው ቀን ደግሞ ‹ዛሬ ምንም የለኝም› ትላለች።»

አባ ሲልቬሪዮ መነጽራቸውን አወለቁና ለረጅም ጊዜ ወለወሉት። «የመጨረሻ ቃሏን ሰምተሻል?»

«ካርዱ ላይ ያለውን አልሰማሁም። እኔ የሰማሁት ‹ኦርሶላ፣ እግሬ ላይ ተቀመጥሽ› ስትል ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ያለችው ካለ እግዚአብሔር ያውቃል።» ዳኛው ራሳቸው ተነስተው ውሃ ቀዱላት።

ወረቀቱ በሰም ታሽጎ ወደ ሮም ሄደ። ከሮም መልስ አልመጣም። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት። በሁለተኛው ዓመት ካርዱ አዲስ ታትሞ መጣ፤ ፎቶው አለ፣ ከሥሩ ቃሉ የለም። መንደሩ ምስክሮቹ ምን እንዳሉ የነገረው የለም፤ ሆኖም ሁለትና ሁለት ደምሮ ኦርሶላ ላይ ፈረደ። ናታሊና ሰላምታ ነሳቻት። አንዲት ሴት በጎዳና ላይ «ቅናት ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን» አለቻት። በዚያ ፀደይ ለፍራሽ የጠራት አንድ ቤት ብቻ ነው፤ አባ ኤቫሪስቶ። ፍራሻቸው ያለፈው ዓመት የተሰፋ ነበር።

«ምኑ ይሰፋል አባቴ? ደህና ነው እኮ» አለቻቸው።

«ይጎረብጠኛል» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ካርዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንቺን ግን አንድም ቀን ‹ምን ሰማሽ› ብዬ አልጠየቅኩሽም» አሏትና ጓሮ ወጡ። ያን ፍራሽ በዚያ ዓመት ሦስት ጊዜ አሰፉት። ከዚያማ የስፖንጅ ፍራሽ መጥቶ መንደሩ ሁሉ ሱፉን ጣለ፤ ጠብም ሆነ ዕርቅ ሥራዋን አይመልሰውም ነበር። ዶሚቲላ በሦስተኛው ዓመት በእንቅልፏ አረፈች። ኦርሶላ ከዚያ ወዲያ ብቻዋን ሆነች፤ በየእርሻው እየዞረች ወይን ትለቅማለች፣ የድሮ ፍራሻቸውን ላልጣሉ አሮጊቶች ትሰፋላቸዋለች።

ከዶሚቲላ ቀብር በኋላ፣ በመስከረም፣ አንዲት ሴት ከአውቶቡስ ወርዳ በር አንኳኳች። የአሥራ አንድ ዓመት ያህል ልጇን በጀርባዋ አዝላለች። የልጅቷ ራስ ተላጭቷል፤ ፊቷ የተቆጣ ነው።

«ሱቅ ያለችው ሴትዮ ‹እህቷን ከፈለግሽ እዚያ ላይ ናት፣ ግን አትጠቅምሽም› አለችኝ» አለች ሴትየዋ።

«ግቢ። ልጅቷን እዚህ አውርጃት።»

ሴትየዋ ልጇን ወንበር ላይ አኖረቻትና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ የኔዋ እንደ ክሌሊያ አይደለችም። ትሳደባለች። ካርዱን ቀዳደደችው። ሆስፒታል ያሉት እናት መነኩሴ ‹ክሌሊያን ምሰይ› ሲሏት ምራቋን ተፋች። ቢጸልዩላት ብዬ ነው።»

ኦርሶላ ለሸንጎው የማለችው ‹እዚያ የተባለውን አላወራም› ብላ ነው። የራሷን እህት ነገር ለታመመ ልጅ ማውራት ግን ማንም አልከለከላትም፤ ቢያንስ በዚያች ሰዓት እንደዚያ መሰላት። ልጅቷ ፊት ተንበረከከችና የዝናቡን ቀን ነገረቻት። ልጅቷ መጀመሪያ ወደ ግድግዳው ዞራ ነበር። ወሬው ፖፖው ላይ ሲደርስ ዞር አለች።

«የምርሽን?»

«የምሬን።»

«ሽንት ነበረበት?»

«ነበረበት።»

ልጅቷ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ ደግሞ ሳቁ አሳላት። እናቷ ልሳቅ ወይስ ላማትብ የሚል ፊት ይዛ ቆማለች።

«ሞተች አይደል?» አለች ልጅቷ።

«ሞተች።»

«እኔስ?»

«አላውቅም ልጄ።»

ልጅቷ መልሱን እንደ ሒሳብ ስታሰላስለው ቆየች። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ‹ትድኛለሽ› ወይም ‹ጸልዪ› ነበር የሚላት። «ሌላስ ምን አጥፍታ ታውቃለች?» አለች።

ኦርሶላ ክሌሊያ የቄሱን አህያ ፈትታ፣ እላዩ ላይ ወጥታ፣ በቅዳሴ መካከል እስከ መቅደሱ ደረጃ ድረስ የነዳችውን ነገረቻት። እናቷ አውቶቡሱ ሊሄድ ነው ብላ ሁለት ጊዜ ተነሳች፤ ልጅቷ ሁለቱንም ጊዜ «ይጨረስ» አለች። በመጨረሻ እየሮጡ ወረዱ። ኦርሶላ ስማቸውን እንኳ መጠየቅ ረሳች።

ልጅቷ ትዳን አትዳን ኦርሶላ አላወቀችም። በሚቀጥለው መስከረም ጠበቀቻቸው፤ አልመጡም። ሌሎች ግን መጡ፤ ከሴትየዋ ሰምተው ይሁን ከሌላ፣ የተቆጣ ልጅ ያዘሉ ሰዎች። አውቶቡሱ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ በሰማች ቁጥር ኦርሶላ በእጇ የያዘችውን ትጥልና ወደ በሩ ትወጣለች፤ ሰዎቹ አንድ በአንድ ወርደው እስኪያልቁ ድረስ ትቆጥራቸዋለች።